ከኩልና ከሹሩባ ባሻገር፦ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሴቶችና የማማለል ጥበብ

በታሪክ ስማቸው የገነነ ሴቶች ሰውን እንዴት እንዳማለሉ ሲወራ፣ ወሬው ከግብፅ ክሊዮፓትራ ይነሳል፣ በፈረንሳይ ነገሥታት እልፍኝ በኩል ያልፋል፣ በፊልም ተዋናዮች ያበቃል። ወደ እኛ አገር ሲመጣም ከንግሥተ ሳባ ብዙ አይርቅም። ጎንደር ግን በዚህ ጉዳይ የራሷ መዝገብ አላት። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ከቆረቆሯት ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ስትኖር፣ በግንቦቿ ውስጥ ብዙ ሴቶች በትዳር፣ በእናትነት፣ በአንደበትና በማዕድ የአገር ፖለቲካ ሲዘውሩ አይታለች። ዜና መዋዕሉ፣ የተጓዦች ማስታወሻና አፈ ታሪኩ ስለ እነርሱ የተዉልን ወሬ ወጥ አይደለም። አንዷ በመልኳ ስትወደስ ሌላዋ በዚያው በመልኳ ትከሰሳለች።

ይህ ዳሰሳ ከጎንደር ከተማ፣ ከቋራና ከስሜን ተራሮች የወጡ ወይም እዚያ የኖሩ ሴቶችን እያነሳ ሰውን የማረኩበትን መንገድ ይፈትሻል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጓዳው

የመዋቢያው ነገር ከጓዳ ይጀምራል። ጸጉር በቅቤ ይለሰልስና ሹሩባ ይሠራል፤ ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ ሠሪዋና ተሠሪዋ የመንደሩን ወሬ ሁሉ አንስተው ይጥሉታል። ዐይን ይኳላል። አንገትና ድድ ይነቀሳል፤ የተነቀሰ ድድ ጥርስን ይበልጥ ያነጣዋል። ለሠርግና ለክት ቀን እንሶስላ ይሞቃል፦ ሥሩ ተወቅጦ ይዘጋጅና እጅና እግር ላይ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሲፈታ መዳፉና ጣቱ ቀልቶ ይወጣል። ጢስ የምትሞቅ ሴት ደግሞ የወይባ እንጨት ከሚጤስበት ጉድጓድ በላይ በጋቢ ወይም በቡልኮ ተሸፋፍና ትቀመጣለች። ላቧ እስኪንቆረቆር ትታገሳለች፤ ስትነሳ ቆዳዋ ጠርቶ፣ ሽታዋ ለቀናት አብሯት ይሰነብታል።

ይህ ሁሉ ለእመቤቲቱም ለገበሬዋ ሚስትም የጋራ ነው። የቤተ መንግሥቷ ሴት በጥልፉ ብዛት፣ በወርቅ ድሪዋና በደንገጡሮቿ ቁጥር ትለይ ይሆናል እንጂ ኩሉ ያው ኩል ነው። ስለዚህ የአንዷ ስም ሦስት መቶ ዓመት ሲሻገር የሌላዋ ለምን እንደጠፋ ከጓዳው ውጭ መፈለግ ይኖርበታል።

አንዱ ቦታ አንደበት ነው። ጎንደር የቅኔና የአዝማሪ አገር ናት። ሰምና ወርቁን የማይለይ ሰው ጨዋታ ላይ ያፍራል፤ ወርቁን ሰምታ ሰሙን እንደሰማች ሆና የምትመልስ ሴት ደግሞ ወንዱን ታስገዛለች። ነገርን ገልጦ አለመናገር፣ እሺንም እምቢንም ሳይሉ ማቆየት በዚህ ባህል ጨዋነት ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ክሊዮፓትራ ሲጽፍ መልኳ አቻ የሌለው እንዳልነበረ፣ ሰውን የሚይዘው ጨዋታዋና ድምፅዋ እንደነበረ፣ ብዙ ቋንቋ ተናግራ ከመልእክተኞች ጋር ያለ አስተርጓሚ ትነጋገር እንደነበረ ይመሰክራል። የጎንደር ሰው ይህን ቢያነብ አይደንቀውም።

አማላዩ ማን ነው?

ክብረ ነገሥት የሚተርከው የንግሥተ ሳባ ታሪክ አብዛኛው ሰው ከሚያስታውሰው ትንሽ ይለያል። ማክዳ ኢየሩሳሌም የሄዱት የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት ነው። ያማለለው እርሱ ነው። ቅመምና በርበሬ የበዛበት ማዕድ አቀረበላቸው፤ ከቤቱ አንዳች ነገር ያለ ፈቃድ እንዳይወስዱ አስማላቸው፤ ከመኝታቸው አጠገብ ውኃ አስቀመጠ። ሌሊት ጠምቷቸው ውኃውን ሲያነሱ መሐላው ፈረሰ ብሎ ያዛቸው። በቀኖናዊው የመንግሥት ትረካችን ወጥመዱን ያጠመደው ንጉሡ ሲሆን ሴቲቱ የመጣችው ለእውቀት ነበር። ሆኖም በሕዝብ ዘንድ «አማላይ» ሆና የቀረችው እርሷ ናት። ይህ መገለባበጥ ወደ ጎንደር ስንመጣም አይጠፋም።

የቅድስቴ ሐዘንና የመለኮታዊት ዕድል

ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ኃይለኛ ንጉሥ ነበሩ። እጅግ የሚወዷት ቅምጣቸው ቅድስቴ ስትሞት ግን ሐዘኑ ሰበራቸው፤ ከተማውን ትተው ወደ ጣና ደሴት ገቡ። እቴጌ መለኮታዊት ይህን ክፍተት አልሳቱትም። መኳንንቱን አስተባብረው፣ ንጉሥ መንኖ ከሄደ ዙፋኑን እንደለቀቀ ይቆጠራል በሚል ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። አፄ ኢያሱም በታመሙበት በደሴቱ በመለኮታዊት ወንድሞች እጅ በ1706 ተገደሉ።

ድሉ ዕድሜ አልነበረውም። ልጃቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተገደሉ፤ የኢያሱ ወንድም አፄ ቴዎፍሎስ በ1708 ሲነግሡ መለኮታዊትን ሰቅለው፣ ወንድሞቻቸውን በጦር አስወግተው የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ነው። ቅድስቴ የንጉሡን ልብ ያዘች፣ ከልቡ ውጭ ግን ምንም አልነበራትም፤ በሞቷ የቀረው ሐዘን ብቻ ነው። መለኮታዊት መኳንንቱን ያዙ፣ ነገር ግን ከደም በቀር የሚያጸናቸው ነገር አላበጁም። ሁለቱንም ማስማማት ለሚቀጥለው ትውልድ ቀረ።

ምንትዋብ፦ ከቋራ እስከ ቁስቋም

በጎንደር «ቆንጆ ማን ነበረች?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ የክርስትና ስማቸው፣ ብርሃን ሞገሳ የንግሥና ስማቸው ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን ምንትዋብ ብሎ ነው። የተወለዱት በቋራ በ1706 አካባቢ ሲሆን እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር።

ስለ ትውውቃቸው የሚተረከውን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም መዝግቦታል። አፄ በካፋ (1721–1730) ማንነታቸውን ሰውረው በአገሩ መዘዋወር ይወዱ ነበር። ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ባላባት ቤት ሲያርፉ የቤቱ ልጅ ታስታምማቸዋለች፤ ድነው ጎንደር እንደተመለሱ አስጠርተው ያገቧታል። ታሪኩ በአፈ ታሪክነቱ እንኳ የሚለው አለው። ልጅቱ ያስታመመችው እንግዳ ንጉሥ መሆኑን አታውቅም። የማረከችው በደጅ ጥናት ሳይሆን በማስታመም ነው።

ቤተ መንግሥቱ ግን ለአዲስ ሙሽራ የሚመች ቦታ አልነበረም። ከምንትዋብ በፊት የነበረችው የበካፋ ሚስት እቴጌ በተባለችበት ዕለት ግብር ላይ በልታ ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ እንደሞተች ይነገራል። ምንትዋብ እንዲህ ካለው እልፍኝ ገብተው ስምንት ዓመት ያህል ቆዩ፤ በ1730 በካፋ ሲያርፉ ሕፃኑን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሠው፣ ራሳቸውም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ።

እዚህ ላይ የመልክ ወሬ ያበቃል፣ የሥራ ወሬ ይጀምራል። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ራስ አድርገው በጎናቸው አቆሙ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አደላደሉ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ፤ በፍርስራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። በጣና፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። የጎንደር ሥዕል ሁለተኛው ስልት የሚባለው፣ ቀለሙ የደመቀውና ልብሱ ያማረው ሥዕል የተስፋፋው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች አንዱ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር እቴጌይቱ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የለበሱት ግን የባለጸጋ ልብስ ነው። ሥዕሉ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል፦ በእግዚአብሔር ፊት ትሑት፣ በሰው ፊት ባለ ግርማ። የሌሎቹን ሴቶች መልክ የምናውቀው ሰው በጻፈላቸው ወይም በጻፈባቸው ልክ ነው። ምንትዋብ ራሳቸው እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ አሥለው ሄደዋል። በዚያው ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ማዳም ደ ፖምፓዱር የሉዊ አሥራ አምስተኛ ፍቅር ከቀዘቀዘ በኋላም በወዳጅነትና የሥነ ጥበብ ደጋፊ በመሆን ቦታዋን ይዛ ቆይታለች። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የኦቶማኑ ሱሌይማን ሚስት ኹረም ከሐረም ወጥታ በኢስታንቡል መስጊድና መጠለያ ታሠራ ነበር። ሦስቱም ወጣትነት እንደሚያልፍ አስቀድመው የተረዱ ይመስላሉ።

የምንትዋብ ሕይወት ጥላም አለው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የበካፋ ዘመድ ከሆነው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፦ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። ከተማው ሰውየውን «ምልምል ኢያሱ» እያለ ያማው ነበር። ባል የሞተባት ንግሥት መውደዷ ሐሜት ሆነ፤ ቅምጥ የሚያበዛ ንጉሥ ግን በዚያ ልክ አልታማም። ምልምል ኢያሱም በ1742 ተገደለ፤ ያስገደሉት የምንትዋብ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ኢያሱ ናቸው ይባላል።

ኋላም ዳግማዊ ኢያሱ ሞተው የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ኢዮአስ በ1755 ሲነግሥ፣ የእናቱ የውቢት የኦሮሞ ወገኖችና የምንትዋብ የቋራ ወገኖች ተፋጠጡ። ለዚህ ፍጥጫ ማርከሻ ይሆናሉ ተብለው የመጡት የትግራዩ ራስ ሥዑል ሚካኤል በ1769 ኢዮአስን ራሱን አስገደሉ። እቴጌይቱ ቀሪ ዘመናቸውን በቁስቋም አሳልፈው በ1773 አረፉ። አፅማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አፅም ጋር እዚያው ነው። ዘመድ አዝማድን በሹመት ማሰባሰብ ለብዙ ዓመታት ሠራ፤ ያንኑ መሣሪያ ሌላዋ እናት ስታነሳው ግን ቤቱን ለሁለት ከፈለው።

ወይዘሮ አስቴርና እንግዳው ሐኪም

ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በቁስቋም የታመሙትን ሕፃናት እንዲያይ ተጠራ። መስኮትና በር አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእቴጌይቱና የልጃቸው ደጅ ለብሩስ ክፍት ሆነ፤ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉም የአስቴርን ውበትና ግርማ እየደጋገመ አነሳ።

አስቴር በዚያን ጊዜ የራስ ሥዑል ሚካኤል ሚስት ነበሩ። ራስ ሚካኤል ሽማግሌ ናቸው፤ አስቴር ደግሞ ወጣት። ባላቸው የቤጌምድሩ ገዥ የማርያም ባሪያ ተገድለውባቸው ነበርና፣ ብሩስ እንደሚተርከው ይህን ጋብቻ ከገቡበት ምክንያት አንዱ የባላቸውን ደም የሚመልስ ክንድ ማግኘት ነበር። አውሮፓዊው አንባቢ የፍቅር ልብ ወለድ አድርጎ ያነበበውን የጎንደር ሰው የሚያውቀው በሌላ ስም ነው፦ መጠጊያና ደም መላሽ።

ትዳርን እንዲህ መያዝ ለአስቴር ብቻ አይደለም። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የአሕመድ ግራኝ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ ባላቸው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሲገደሉ አምልጠው ሐረር ገቡ። የተማረከባቸውን ልጅ በአፄ ገላውዴዎስ ወንድም በሚናስ አስለወጡ። ቀጥለውም የባላቸውን ደም የሚመልስላቸውን እንደሚያገቡ አስታወቁ፤ አሚር ኑር አገቧቸውና በ1559 ገላውዴዎስ በእርሳቸው ጦር ወደቁ። የአንዲት ሴት እጅ ለጦር ማስነሻ ሲውል፣ ፍላጎትን ከመቀስቀስ ይልቅ ዋጋን መቁረጥ ነው የሚታየው።

ሦስት ሴቶች በአንድ ሰው ዙሪያ

የዳግማዊ ቴዎድሮስ ሕይወት ሦስት ዓይነት ሴት ያሳያል። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን ጎንደርንና ደምቢያን ይገዙ በነበረበት ጊዜ የቋራውን ካሣን፣ የኋላውን ቴዎድሮስን፣ ይንቁት ነበር። ለመያዣ እንዲሆን የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ስሌቱ ተገለበጠ። ተዋበች ከአባታቸውና ከአያታቸው ይልቅ ከባላቸው ጋር ቆሙ፤ እቴጌ መነንም በ1847 በካሣ ተማረኩ። ተዋበች በ1858 ሲሞቱ ቴዎድሮስ ክፉኛ አዘኑ፤ ጠባያቸው ከዚያ ወዲህ እንደከፋ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። ተዋበች የያዟቸው በማባበል አልነበረም። ሰውየው ገና ሽፍታ ተብሎ ሲናቅ አምነውበታል፤ ይህን ውለታ ከዘውዱ በኋላ የመጣ ማንም ሊተካው አይችልም ነበር።

ሁለተኛዋ ሚስት ጥሩወርቅ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አባታቸውን ያሰረውን ሰው ነው ያገቡት። መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ንጉሡ ቢገቡ ሳይነሱ ቀሩ፤ ሲጠየቁም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው የሚል መልስ እንደሰጡ ይተረካል። ሞገሳቸው ባለመጎንበሳቸው ነበር። የልዑል ዓለማየሁ እናት የሆኑት እኚህ ሴት ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ1868 በመንገድ አረፉ።

ጣይቱ፦ የስሜን ደም፣ የእንጦጦ ማዕድ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል የዘር ሐረጋቸው ከስሜን ነው፤ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ። ምኒልክን በ1883 በቁርባን ሲያገቡ ልጃገረድ አልነበሩም፤ ከአንድ በላይ ትዳር አይተው የመጡ የበሰሉ ሴት ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ወይዘሮ ባፈና ምኒልክን በፍቅር ይዘው ሳለ የራሳቸውን ልጅ ለማንገሥ ሲያሴሩ ተይዘዋል። ምኒልክ ከዚያም በኋላ ባፈናን መርሳት አቅቷቸው እንደነበር ይነገራል፤ ይሁን እንጂ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ናቸው።

የጣይቱ መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ማዕድ ነው። በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁት ግብር በብዛቱና በወጡ ዓይነት ተወርቶለታል፤ ከየአውራጃው የመጣው መኳንንት የሰሜኑንም የሸዋውንም ሙያ በአንድ ገበታ ቀመሰ። ያን ማዕድ የበላ ሰው አዲሱ የመንግሥት መቀመጫ የት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው። ሁለተኛው እምቢታ ነው። ምኒልክ ሰውን በ«እሺ፣ ነገ» የሚያሰናብቱ ለስላሳ ናቸው፤ እምቢ ማለት የሚያስፈልግ ሲሆን ጣይቱ ይሉታል። በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር ይህ የሥራ ክፍፍል በግልጽ ታየ። አድዋም አብረው ዘመቱ፤ መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ውኃ የማስያዝ ምክርም የእርሳቸው ነው ይባላል። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ የውጭ ጋዜጦች ስለ እርሳቸው ብዙ ጻፉ። ውጭ አገር ስለ ቁጣቸው ሲያወራ አገራቸው ስለ ምክራቸው ያወራ ነበር።

አልማለልም ያሉት

ዳሰሳው ተቃራኒውን ሳያነሳ አይሞላም። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበሩ። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበሉ ባላቸውንና ምቾታቸውን ትተው ጸጉራቸውን ተላጩ፤ መነኰሱ፤ በጣና ዙሪያ ብዙ ተከታይ ሰበሰቡ። ገድላቸው በ1672 ተጻፈ። ኩል፣ ድሪና ሹሩባ የሌላቸው ሴት ባሕር ዳርቻውን ሁሉ ከኋላቸው አስከተሉ። የሰው ልብ የሚማረከው በጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

መስተፋቅርና ክሱ

ወንድ ለሴት ሲገዛ በእኛ አገር ፈጥኖ የሚነሳው ቃል «መስተፋቅር አስደርጋበት ነው» የሚል ነው። ደብተራው፣ ክታቡና ሥራ ሥሩ ለዚህ ይጠሩ ነበር። ይሁን እንጂ በዚሁ ሕዝብ አፍ ያለው ተረት መድኃኒቱን ራሱን ያፈርሰዋል። በአንዱ አተራረክ ባሏ ፊት የነሳት ሴት ደብተራ ዘንድ ትሄዳለች። «የአንበሳ ጸጉር ካመጣሽልኝ እሠራልሻለሁ» ይላታል። ሴትዮዋ በየዕለቱ ሥጋ እየጣለች፣ በየዕለቱ አንድ እርምጃ እየቀረበች አንበሳውን ታላምዳለች፤ በመጨረሻ ጸጉሩን ነቅላ ታመጣለች። ደብተራው ታዲያ «አንበሳ ያለመድሽ ሴት ባልሽን ማላመድ እንዴት ያቅትሻል?» ብሎ ያሰናብታታል።

«አማላይ» የሚለው ስም ለነማን እንደተሰጠ ቢታይ፣ ከሥልጣን አጠገብ ለደረሰች ሴት ሁሉ ነው። ወንድ መኳንንት ሲያሰባስብ ብልህ ተባለ፤ ሴት ስታሰባስብ መድኃኒት አላት ተባለ። ከቋራ የመጣችው ልጅ አገር ስትገዛ፣ የስሜኗ ሴት ውል ስታፈርስ ማስረጃው ከመልካቸው ተፈለገ፤ ከሥራቸው የሚፈልግ ጥቂት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ይወሰድ ቢባል ዝርዝሩ አጭር ነው። ሰው ሳይከብር በፊት ማክበር፣ እንደ ምንትዋብ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ፣ እንደ ተዋበች በሽፍታው ድንኳን። አንደበትን ማወቅ። ማዕድን ማሳመር። እምቢ የሚባልበትን ቀን መለየት፣ እንደ ጥሩወርቅና እንደ ጣይቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ሰው ፍቅር ላይ ብቻ አለመቆም፤ ቅድስቴ የነበራት ያ ብቻ ነበር፣ ምንትዋብ ግን ቁስቋምን፣ ናርጋን፣ ወንድማቸውንና ሠዓሊዎቻቸውን ይዘው አርባ ዓመት ከረሙ። የእነዚህን ሴቶች ውበት የሚያወሳ መጽሐፍና አስጎብኚ ዛሬም አይጠፋም፤ ውበታቸውን የተጠቀሙበትን ብልሃት ማወሳት ግን ገና ብዙ ይቀረናል።